ናናን በበረንዳ ዕቃ ማሳደግና ከሌላ ቅጠል መለየት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳዬ ጠባብ ናት፤ ግን ስድስት ዕቃ ናና ይዛለች። ደረጃ ላይ የሚያገኙኝ ጎረቤቶችም ሆኑ ከሱሉልታና ከለገጣፎ የሚደውሉ ዘመዶች የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። መጀመሪያ "ይቺ ናና ናት ወይ?" ይላሉ። ወር ሳይሞላ ደግሞ "ለምን ደረቀችብኝ?" ይመጣል። እኔም ሁለት ጊዜ አጥፍቻታለሁ። የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። መሬት ላይ የተተከለችን ናና ማንም አያቆማትም። ዕቃ ውስጥ ያለችው ግን ወይ ውሃ ይቆምባታል፣ ወይ ቦታ ያጥራታል። ከታች ካሉት መልሶች አብዛኞቹ ወደዚህ ይመለሳሉ።

በእጄ ያለው ቅጠል ናና መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

በጣት ጀምሩ። ግንዷን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ አሽከርክሩት። የናና ግንድ ክብ አይደለም። አራት ጠርዝ ስላለው እየተንከባለለ ጣት ላይ ይታወቃል። ቀጥሎ ቅጠሎቹን እዩ። ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ። አንዱ ጥንድ ወደ ቀኝና ግራ ከዘረጋ፣ ከሱ በላይ ያለው ወደ ፊትና ኋላ ይዘረጋል። ከአናቷ ቁልቁል ስታዩዋት መስቀል ትሠራለች። የቅጠሉ ዳር እንደ መጋዝ ጥርስ ነው።

እዚህ ድረስ ያየነው ምልክት ግን የናና ብቻ አይደለም። በሶብላም፣ ዳማከሴም፣ ጦስኝም ዘመዶቿ ናቸው። አራት ማዕዘን ግንድና ጥንድ ቅጠል የቤተሰቡ መልክ ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ሥራ ለአፍንጫ ስጡት። አንድ ቅጠል ቆርጣችሁ በጣታችሁ አሹት። የናና ሽታ ጣፈጥ ያለ ነው፤ ወዲያው ማስቲካ ያስታውሳል። ሳይታሽ በሩቁ ብዙም አይሸትም፤ ዘይቱ የሚወጣው ቅጠሉ ሲጎዳ ነው።

እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ግን ሌላ ምልክት ነው። ናና ትሄዳለች። አፈሩ ላይ ወይም ትንሽ ከአፈሩ ሥር የሚሳብ ግንድ ትልካለች። ያ ግንድ በየአንጓው ሥር ይሰድዳል፤ ወደ ላይም አዲስ ቡቃያ ያወጣል። በሶብላ ይህን አያደርግም። ዳማከሴም አያደርግም። የዕቃውን ጠርዝ ታክኮ የሚሳብ ነጭ ወይም ወይን ጠጅ ገመድ ካያችሁ፣ ሽታውም ከገጠመ፣ ናና ናት።

ሽታ የሌላትን ግን አትቅመሱ። መልኳ ምንም ያህል ቢመስል።

ከዳማከሴ፣ ከበሶብላና ከኮሰረት ጋር ትምታታብኛለች። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ዳማከሴ ቁጥቋጦ ነው። ዕድሜ ሲያገኝ ግንዱ እንጨት ይሆናል፣ ከሰው ወገብም ያልፋል። ሽታው ኃይለኛ ነው፤ ምች የመታው ሰው ሲታሽለት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጣፋጭነት የለውም። በሶብላ በአንድ ወቅት ተዘርቶ፣ አብቦ፣ ዘር ሰጥቶ የሚያልቅ ነው። አበባው በዘለላ ከአናቱ ይወጣል፤ ሽታውም ወደ በርበሬ ቅመም ይወስዳል።

ኮሰረት ከሌላ ቤተሰብ ነው። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሱ ነው፤ እሱም ጥንድ ቅጠልና ጠርዛማ ግንድ አለው። ቅጠሉ ሲነካ ሻካራ ነው። አሽታችሁ ስታሸቱት ቅቤ ማንጠሪያ ድስት ፊታችሁ ድቅን ይላል። ጤና አዳም አይምታታም፤ ቅጠሉ የተከፋፈለና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው።

አንድ ሰው ሳይጠይቀኝ የምናገረው ሳማ አለች። የደጋችን ሳማ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትበቅል የራሳችን ተክል ናት። ከጫካ አፈርና ከፍግ ጋር ዘሯ ወደ ዕቃ ይገባል። ትንሽ ሳለች ቅጠሏ ጥንድ ነው፤ ዳሩም መጋዝ ነው፤ ናናው መሃል ተደብቃ ትወጣለች። አንድ ቀን ማለዳ ለሻይ ስቀነጥብ ጣቴን አቃጥላኝ ነው ያወቅኳት። ግንዷና ቅጠሏ ላይ ያሉትን የቆሙ ነጫጭ ጸጉሮች ፈልጉ። እነሱን ካያችሁ በጨርቅ ይዛችሁ ከሥሯ ንቀሉ።

ሁለት ዓይነት ናና አለ ይባላል። የኔ የትኛው ነው?

ከሁለትም በላይ አለ። በከተማችን በብዛት የሚያጋጥሙት ግን ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ከጉልት በእስር የሚሸጠው፣ ሻይ ውስጥ የሚገባው የተለመደው ናና ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሜንታ ስፒካታ ነው። ቅጠሉ ደማቅ አረንጓዴና ሸብሸብ ያለ ነው፤ ጫፉም ይሾላል። ዋናው መለያ ግን ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ማያያዣ ዘንግ የለውም ማለት ይቻላል፤ በቀጥታ ግንዱ ላይ ተለጥፏል። ሽታው ለስላሳና ጣፋጭ ነው። ይህን ሽታ የሚሰጠው ካርቮን የሚባል ንጥረ ነገር ነው።

ሁለተኛው ፔፐርሚንት ነው። ሜንታ ከረሜላ የምንለው ጣዕም የሱ ነው። ቅጠሉ ጠቆር ይላል። ግንዱ ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ ቀለም አለው። እያንዳንዱ ቅጠል አጭር ግን የሚታይ ዘንግ አለው። ሲታኘክ መጀመሪያ ቆንጠጥ ያደርግና ከዚያ አፍን ያቀዘቅዛል። የሚያቀዘቅዘው ሜንቶል ነው። አፋችን በእውነት አይቀዘቅዝም፤ ሜንቶል ቅዝቃዜን የሚለየውን የነርቫችንን ተቀባይ ይነካዋል፣ አንጎልም ቀዘቀዘ ብሎ ያምናል። ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን ይህን ተቀባይ ለየብቻቸው ያገኙት ሜንቶልን ተጠቅመው ነው። ሙቀትና ንክኪ እንዴት እንደሚሰማን ባደረጉት ምርምር በ2021 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። በረንዳ ላይ ካለች ቅጠል እዚያ መደረሱ ሁሌ ይደንቀኛል።

ፔፐርሚንት ራሱን የቻለ ጥንት ዝርያ አይደለም። የውሃ ናናና የተለመደው ናና ተዳቅለው የተገኘ ነው። እንደ በቅሎ ነው፤ ራሱን የሚተካ ዘር አይሰጥም። ይህ ነገር ከታች ለአተካከሉ ያስፈልገናል።

ቅጠሉ ክብ፣ ወፍራምና ጸጉራም ከሆነ፣ ሽታውም ወደ ፖም ከወሰደ፣ የፖም ናና የሚባለው ሊሆን ይችላል። ሎሚ ሎሚ የሚል ከሆነ ደግሞ ናና ላይሆን ይችላል። ሜሊሳ የሚባል የናና ዘመድ አለ፤ መልኩ በጣም ይመሳሰላል፣ ሽታው ግን ጥርት ያለ ሎሚ ነው። እሱም ለሻይ ይሆናል።

ወንዝ ዳር የበቀለውን ናና ወስጄ ብተክለውስ?

ደጋ ላይ በምንጭና በጅረት ዳር የዱር ናና አለ። ቅጠሉ ረዘም፣ ጠበብ ያለና ጸጉራም ስለሆነ ግራጫ ይመስላል። ለተክልነቱ ችግር የለበትም። ነገር ግን ከአቃቂ ወንዝና ከገባሮቹ ዳር አትውሰዱ። ከተማውን አቋርጦ የሚመጣው ውሃ የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የግድ የምትፈልጉ ከሆነ ቅጠሉን አትብሉ። ጫፉን ብቻ ቆርጣችሁ በንጹህ ውሃ ሥር አስወጡና አዲስ የሚያድገውን ተጠቀሙ።

ከዘር ልጀምር ወይስ ከቅርንጫፍ?

ከቅርንጫፍ። ፔፐርሚንት ብላችሁ የዘር ፓኬት አትግዙ፤ ከላይ እንዳልኩት የሚያበቅል ዘር የለውም። የተለመደው ናና ዘር ቢኖረውም ናናዎች እርስ በርሳቸው በቀላሉ ይዳቀላሉ። ከዘሩ የሚወጣው እናቱን ላይመስል፣ ሽታውም ሊደበዝዝ ይችላል። ቅርንጫፍ ግን ራሷ እናትየዋ ናት።

ከጉልት አንድ እስር ግዙ። ጠንካራዎቹን፣ ያልጠወለጉትን፣ ጫፋቸው ያልተቆረጠውን ምረጡ። አንድ ስንዝር ያህል አስቀሩና ከአንጓ ሥር በንጹህ ምላጭ ቁረጡ። ሥሩ የሚወጣው ከአንጓው ነው። ከታች ያሉትን ቅጠሎች አራግፉ፤ ውሃ ውስጥ የገባ ቅጠል ይበሰብሳል። ብርጭቆ ውስጥ አቁሙና ብርሃን ያለበት፣ ቀጥታ ፀሐይ የማያገኘው መስኮት ላይ አስቀምጡ። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ነጫጭ ሥር ይታያል። ሥሩ የጣት አንጓ ያህል ሲረዝም ወደ አፈር። በጣም እስኪረዝም አትጠብቁ፤ ውሃ የለመደ ሥር አፈር ላይ ይቸገራል።

ጎረቤት ናና ካለው ከዚህም ይቀላል። ሥር ያለው አንድ ቁራጭ ከሚሳበው ግንድ ለምኑ። አግድም አጋድማችሁ ሁለት ጣት ያህል አፈር አልብሷት። በቃ።

የትኛው ዕቃ ይሻላል?

ሰፊ። ጥልቀቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ይበቃል፤ ስፋቱ ግን 30 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ደስ ይላታል። የምትሄደው ወደ ጎን ነውና። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን በቁመቱ ሳይሆን አጋድማችሁ አንድ ጎኑን ብትከፍቱት ከምታገኙት መትከያ ሁሉ ይበልጣል። የተሰነጠቀ ሳፋም ጥሩ ነው። የሸክላ ዕቃ ያምራል፣ አፈሩንም ያናፍሳል፤ ግን በበጋ ቶሎ ይደርቃል።

ኬሚካል፣ ነዳጅ ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ በፍጹም አትጠቀሙ። አጥቤዋለሁ ማለት አያድንም። የምትበላ ቅጠል ናት።

ከሥር ቀዳዳ ይኑረው። አንድ ሳይሆን አምስት ስድስት፣ እያንዳንዱ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል። ከታች ጠጠር መደርደር ውሃ ያስወርዳል የሚባለው ብዙም አይሠራም። ውሃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ጠጠሩ የሥሯን ቦታ ይወስዳል እንጂ። ቀዳዳው ላይ ቁራጭ መረብ ወይም ጨርቅ ጣል አድርጉና ዕቃውን እስከ ታች አፈር ሙሉት። ዕቃውን በሁለት ድንጋይ ወይም በብሎኬት ቁራጭ ከፍ ማድረግም አትርሱ፤ ሊሾው ላይ ልጥፍ ካለ ቀዳዳው ቢኖርም ይደፈናል።

የሰፈራችን ጥቁር አፈር ይሆናል?

ብቻውን አይሆንም። ይህን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያዋን ናናዬን የተከልኩት ከሕንፃው ጀርባ ከተቆፈረ ኮትቻ አፈር ላይ ነው። አፈሩ ለም ነው፤ ጤፍና ስንዴ የሚያበቅለው እሱ ነው ብዬ ነበር። ሐምሌ ላይ ጭቃ ሆነ። ነሐሴ ላይ ቅጠሏ ቢጫ ሆነ። ውሃ አንሷት መስሎኝ ጨመርኩላት። ስነቅላት ሥሯ ቡናማና ልሙጥ ነበር፤ የረጋ ውሃ ሽታ ሸተተኝ። በበጋ ደግሞ ይኸው አፈር ይሰነጠቃል፣ ከዕቃው ግድግዳ ይላቀቃል። ውሃ ስታጠጡት በጎን በኩል ሾልኮ ይወርዳል፤ ሥሩ ደርቆ ይቀራል።

አሁን የምጠቀመው እንዲህ ነው። ሁለት ጣሳ ቀይ አፈር ወይም መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ልጆች ዘንድ የሚገኝ የጫካ አፈር፣ አንድ ጣሳ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ ጣሳ ደግሞ የተፈጨ ቀይ አሽ። ቀይ አሽ እዚህ በከተማው ደቡብና ምሥራቅ በኩል በየግንባታው አጠገብ ተከምሮ ይታያል። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ትርፉን ውሃ ያሳልፋል፤ ጥቂቱን ይይዛል። ባለቤቱን ጠይቃችሁ አንድ ባሊ ውሰዱ፣ ነፉት፣ የምስርና የሽምብራ ፍሬ የሚያክለውን አስቀሩ። ካጣችሁ ሻካራ አሸዋ ይተካዋል። ጥቁር አፈር ብቻ ካላችሁም ከጠቅላላው ሩብ እንዳይበልጥ አድርጋችሁ መቀላቀል ትችላላችሁ።

ፍጉ ትኩስ ከሆነ ሥር ያቃጥላል። በእጃችሁ ስታፍሱት አፈር አፈር መሽተት አለበት እንጂ በረት በረት መሽተት የለበትም። የቡና አተላ ኮምፖስት ውስጥ ገብቶ ቢበሰብስ ደግ ነው። ቀጥታ ዕቃው ላይ መከመር ግን ሻጋታ ያመጣል።

ናናን ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር በአንድ ዕቃ ልትከል?

አይሆንም። በስድስት ወር ውስጥ ናና ብቻ ነው የሚቀረው። ጤና አዳም ደግሞ ደረቅ ይወዳል፣ ናና እርጥብ። አንዱን ስታስደስቱ ሌላውን ታስከፋላችሁ። ሁለት ዓይነት ናናም ቢሆን ለየብቻ ይተከል፤ ሥራቸው ከተጠላለፈ በኋላ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

በስንት ቀን ላጠጣ? ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣልን።

የቀን ቁጥር ይዛችሁ አታጠጡ። ጣታችሁን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። እርጥብ ከሆነ ተዉት። ደረቅ ከሆነ ከሥር እስኪወጣ ድረስ አጠጡ። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ላዩን ያረጥባል እንጂ ሥሩ ጋ አይደርስም። ክረምት ላይ ዝናብ የሚያገኛት ከሆነ ምንም ላያስፈልጋት ይችላል። በበጋ፣ ንፋስ በሚመታው በረንዳ ላይ፣ ትንሽ ዕቃ በየቀኑ ሊጠይቅ ይችላል።

የፈረቃው ነገር እኔም ጋ አለ። ውሃ ሳይመጣ ሳምንት ሲያልፍ የምጠቀመው የጎመንና የድንች ማጠቢያ፣ የሩዝና የምስር ማጠቢያ ውሃ ነው። ሳሙና፣ በረኪና ወይም ጨው የነካው ግን አይሆንም። የፓስታ ቅቅል ውሃ ጨው አለው፤ እሱንም ድፉት። የአፈሩን ላይ በገለባ ወይም በደረቅ ሳር መሸፈን በጣም ይረዳል። ውሃ እንደሚጠፋ ካወቃችሁ ዕቃዎቹን ወደ ጥላ ሰብስቡና አንድ ላይ አጠጋግታችሁ አስቀምጡ።

ጠውልጋ ካገኛችኋት አትደንግጡ፤ ናና ቶሎ ትጠወልጋለች፣ ቶሎም ትነሳለች። ዕቃውን ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። ከታች እየመጠጠች ቀና ትላለች። ከዚያ አውጡና አንጠፍጥፉት። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከጠወለገች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሥሯ እየበሰበሰ ነው። ውሃ አትጨምሩ፤ ጤነኛ ጫፎቿን ቆርጣችሁ እንደ አዲስ ብርጭቆ ውስጥ አስገቡ።

የትኛው በረንዳ ይስማማታል?

የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ። በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል የሚቆይ ፀሐይ በቂ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ በዚህ ከፍታ የቀትር ፀሐይ ይበረታል። ከሰዓት በኋላ ብቻ ፀሐይ የሚመታው በረንዳ ካላችሁ መጋረጃ ወይም የአጃቢ ተክል ጥላ ፈልጉላት። ጥላው ግን ከበዛ ቀጥ ብላ ትረዝማለች፣ ቅጠሏም ይራራቃል፣ ሽታዋም ይቀንሳል።

የሱሉልታ ውርጭ ይገድላታል?

ቅጠሏን ያቃጥለዋል፣ ሥሯን አይገድለውም። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ስለሆነ በህዳርና በታህሳስ ሌሊት ሜዳው ላይ አመዳይ ይወርዳል። ጠዋት ቅጠሎቿ ጠቁረው ብታገኟቸው ሞተች ብላችሁ አትጣሏት። የተቃጠለውን ቆርጣችሁ ዕቃውን ወደ ግድግዳ አስጠጉት። ማታ ማታ ጆንያ ወይም አሮጌ ነጠላ ጣል አድርጉባት፤ ጠዋት ግለጡ። ቅዝቃዜው ሲያልፍ ከሥር ትበቅላለች። ዘመዴ ሱሉልታ ያለችውን ሁለት ዓመት እንዲህ አሳልፋታለች።

መሃሏ ባዶ ሆነ፣ ዳር ዳሩ ብቻ ነው ያለው። ምን ነካት?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል፤ መልሱን ያገኘሁት በሁለተኛዋ ናናዬ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ዕቃውን ሞልታ ትወርድ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቅጠሏ አነሰ። መሃሏ ደረቅ እንጨት ብቻ ሆነ። ፍግ ጨመርኩ፣ ውሃ ጨመርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ደረቀችና ጣልኳት። ከወራት በኋላ ታችኛው ፎቅ ያሉ አንዲት እናት የራሳቸውን ሲያድሱ አየሁ። ዕቃውን ገልብጠው፣ የሥሩን ጓል እንደ ዳቦ በቢላ አራት ቦታ ከፈሉት። መሃሉን ጣሉ። ከዳሩ የተወሰደውን ቁራጭ መልሰው ተከሉ። ሦስቱን ለጎረቤት ሰጡ። አንዱ ለኔ ደረሰኝ። ዛሬ ያሉኝ ስድስቱም ከዚያች ቁራጭ የመጡ ናቸው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ናና አዲስ የምታወጣው ከሚሳቡት ግንዶቿ ጫፍ ነው። መሬት ላይ ከሆነች ያረጀውን ቦታ ትታ ወደ ፊት ትሄዳለች። ዕቃ ውስጥ ግን ግድግዳው ያቆማታል። ግንዶቿ ግድግዳውን እየዞሩ ይጠመጠማሉ፤ መሃሉ ያረጃል፤ አፈር ያለቀ ያህል ሁሉም ሥር ይሆናል። የምታጠጡት ውሃ እንኳ የሚይዘው አያገኝም። ፍግ መጨመር ይህን አይፈታውም። ቦታ ነው የጠፋት።

ስለዚህ በዓመት አንዴ፣ ቢዘገይ በሁለት ዓመት፣ ክፈሏት። ለኛ አካባቢ ሁለት ጥሩ ጊዜ አለ። አንደኛው መጋቢት ነው፤ የበልግ ዝናብ ሲጀምርና ቅዝቃዜው ሲያልፍ። ሌላው የመስከረም መጨረሻ፤ ክረምቱ ሲወጣና አፈሩ እርጥብ ሳለ። ከመክፈላችሁ በፊት ቅጠሏን ከአፈሩ አራት ጣት ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ነጭና ወፈር ያለ ሥር ያላቸውን የዳር ቁራጮች ምረጡ። አፈሩን ቀይሩ፤ ቢያንስ ግማሹን። ከተከላችሁ በኋላ አንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ አቆዩአት። የደረቀች ብትመስልም ታገሷት። ከ10 ቀን በኋላ አካባቢ ቡቃያ ታያላችሁ።

እንዴት ልቁረጣት?

ቅጠል በቅጠል አትልቀሙ። ቅርንጫፉን ከአንጓ በላይ ቁረጡ። ከዚያች አንጓ ሁለት አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል። አንድ ስትወስዱ ሁለት ትመልሳለች። በየጊዜው የምትቆረጥ ናና ጥቅጥቅ ትላለች፤ የተተወችው ትረዝምና ትወድቃለች። ከተንዠረገገች ሙሉ በሙሉ እስከ አራት ጣት ድረስ መላጨትም ይቻላል፤ ትመለሳለች።

አበባ አላወጣችም ብሎ የሚጨነቅ ሰው አለ። ናና ለማበብ ረጅም ቀን ትወዳለች። የኛ ቀን ሰኔ ላይ እንኳ ከ12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አይበልጥም። ባታብብ ለእኛ ይሻላል። ጫፏ ላይ እምቡጥ ካያችሁ ቁረጡት፤ ኃይሏ ወደ ቅጠል ይመለስ።

ከቅጠሏ ጀርባ ብርቱካናማ ነጥብ አየሁ። ምንድን ነው?

የናና ዋግ ነው። ፈንገስ ነው። መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ቆይቶ ቡናማ የሆነ ዱቄት ከቅጠሉ ጀርባ ይታያል። ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ይረግፋል። ክረምት ላይ፣ ዕቃዎቹ ተጨናንቀው አየር ሲያጡ ይብሳል። ይህ ፈንገስ ሌላ ተክል ሳያስፈልገው ዙሩን ሁሉ ናና ላይ ይጨርሳል፤ በሚሳበው ግንድም ይቆያል። ስለዚህ ጥቂት ቅጠል ከሆነ ቶሎ ልቀሙ። ከተዛመተ ሁሉንም ቆርጣችሁ አስወግዱ፤ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሩት። እንደገና ከመጣ ተክሏን ከነአፈሯ መጣል ነው የሚሻለው። ያሳዝናል፣ ግን የጎኗን ታድናላችሁ። ስታጠጡም ቅጠሉን ሳይሆን አፈሩን አጠጡ።

ክሽክሽ ከሆነ ደግሞ ቀላል ነው። ጠዋት ላይ በውሃ ግፊት እጠቡት። ካልለቀቀ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጣችሁ ርጩና ከሰዓታት በኋላ በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። በበጋ ቅጠሉ ነጠብጣብ ካለውና ቀጭን ድር ካያችሁ ቀይ ሸረሪት ነው፤ እሱ ደረቅ ስለሚወድ ጀርባውን በውሃ ደጋግሞ ማጠብ ያርቀዋል። የሱቅ ተባይ ማጥፊያ አትንፉባት። ነገ ሻይ ውስጥ የምትገባ ናት።

ለሻይ እንዴት ልጠቀማት? ለሁሉም ሰው ትስማማለች?

አታፍሉት። ሻዩ ከወረደ በኋላ የታጠበ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ጨምራችሁ ክደኑት፤ 5 ደቂቃ ይበቃል። ክዳኑ ወሳኝ ነው፤ ሽታው ዘይት ስለሆነ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር ስታስገቧት ቅመሙን ቀነስ አድርጉ፤ አለበለዚያ ትዋጣለች። ለማድረቅ ከፈለጋችሁ በጥላ ነው። እስር አድርጋችሁ ቁልቁል ስቀሉት፣ ሲሰባበር ክዳን ባለው ጠርሙስ ክተቱ። ክረምት ላይ ስለሚሻግት ያን ጊዜ አታድርቁ።

ቃር የሚያስቸግረው ሰው በተለይ ፔፐርሚንት ሊያባብስበት ይችላል፤ በጉሮሮና በጨጓራ መካከል ያለውን መዝጊያ ያላላል። ሌላው ከልብ የምለው የሕፃናት ነገር ነው። የናና ዘይትም ሆነ ሜንቶል ያለበት ቅባት ሕፃን ልጅ ፊትና አፍንጫ ላይ አትቀቡ። ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። ቅጠሉና የተጨመቀው ዘይት አንድ አይደሉም፤ የዘይቱ ጉልበት ብዙ እጥፍ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ደግሞ ዘይቱን ከመጠቀሟ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ።

በረንዳ ላይ ካለች ትንኝ ታባርራለች?

ቆማ ብቻ አታባርርም። ሽታዋ የሚወጣው ስትታሽ ነው።

ለጎረቤት ችግኝ ስሰጥ ምን ልበላቸው?

ቁራጯን በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላችሁ ስጡ፤ እስከ ማግስቱ ትቆያለች። የትኛው ናና እንደሆነች ጻፉላቸው። ግቢ ያላቸው ከሆኑ ቀጥታ መሬት ላይ እንዳይተክሏት ንገሯቸው፤ ጎመኑን ወርሳ አጥር ታልፋለች። ከነዕቃዋ መሬት ውስጥ መቅበር ይችላሉ፤ የዕቃው ጠርዝ ከአፈሩ ሦስት ጣት ከፍ ብሎ ይታይ። ጠርዙን ተሻግሮ የሚወጣውን ግንድ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ እየዞሩ ይቁረጡት።